የፒፓው ችሎት

ሰኔ 9 ቀን

ለጢንዚዛችን፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ እንደ ልጅነትሽ ስትለፈልፊ ያግኝሽ። እኛ ከጉልበቴና ከጣሪያው በቀር ደህና ነን። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ያመኛል፤ ጣሪያው ደግሞ ዝናቡ ከመጣ በኋላ። የሆስፒታል አንሶላ ማጠብ ቀላል ሥራ እንዳልሆነ አውቃለሁና እጅሽን ከሚፈላው ውሃ ይጠብቅልሽ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ሱቄን ዘጋሁ። አርባ አንድ ዓመት መጽሐፍ የጠረዝኩበት ክፍል ለባለ ፎቶ ኮፒ ተሰጠ። መጭመቂያውን፣ መቁረጫውንና የሙጫ ጣሳዬን በጋሪ አስጭኜ አመጣሁና ከምግብ ጠረጴዛው አጠገብ ተከልኳቸው። እትዬሽ ይህን ዋጥ አድርጋ አለፈችው። ያልዋጠችው ፒፓዬን ነው።

እኛ ቤት ተቀምጠሽ በተማርሽበት አራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ቤት ውስጥ ሳጨስ አይተሽኝ አታውቂም። ጭሱ ሁሉ ሱቅ ይቀር ነበር። እኔም አብሬው እቀር ነበር ማለት ይቻላል። እሷ ሠላሳ ሦስት ዓመት የችሎት ጸሐፊ፣ እኔ ጠራዥ፤ ማታ ተገናኝተን "በላህ?" "በላሽ?" ተባብለን የምንተኛ ሰዎች ነበርን። አሁን ሁለታችንም ጡረታ ወጥተን ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ተፋጠናል። የምናወራው ቢጠፋን ገና በመጀመሪያው ሳምንት በፒፓው ተጣላን። ይህ ጭስ ቤቴን አይረግጥም አለች። እኔም ኩራቴን ይዤ ውጭ ደረጃው ላይ ወጣሁ። ዝናቡም እዚያው አገኘኝ።

በመጨረሻ የታችኛው ቤት ጥርስ ሐኪም ሸመገለን። ስምምነቱ ይኸው፦ ሦስት ዓይነት ትምባሆ ይቀርባል። እሷ እያሸተተች ትፈርዳለች። አንዱን ካሳለፈችልኝ በቀን አንዴ፣ ከምሳ በኋላ፣ እቤቴ ተቀምጬ አጨሳለሁ። ሦስቱም ከወደቁ ፒፓዬን በገዛ እጄ አስረክባታለሁ፤ እሷም ምድጃ ውስጥ ትከተዋለች። ቃል በቃል ጽፋ ሁለታችንንም አስፈረመችን። ሴትየዋ ዕድሜዋን ሙሉ የሌላ ሰው ፍርድ ስትገለብጥ ኖራ ጡረታ ስትወጣ ራሷን ዳኛ አድርጋ ሾመች።

የሰፈሩን ትምባሆ አታንሺብኝ፤ እሱ ገመድ ነው። አንድ መርከበኛ ደንበኛዬ ግን አንድ ጊዜ ከቆርቆሮ አውጥቶ ያሳየኝ አለ። ቅጠሉን በቅጠል ላይ ደራርበው፣ ለብዙ ጊዜ ጨምቀው፣ ከዚያ እንደ ወረቀት በስሱ ይቆርጡታል። ፍሌክ ይሉታል። ተደራርቦ፣ ተጨምቆ፣ ተቆርጦ፤ ይህማ የኔ ሥራ ነው፣ ይህማ መጽሐፍ ነው አልኩ። አንቺ ከምትኖሪበት ፎቅ ሥር የፒፓ ዕቃ ሻጭ እንዳለ ጽፈሽልኝ ነበር። እባክሽ ሦስቱን አንቺ ምረጪልኝ፤ በየተራ ላኪ። ዕድሜዬን ሙሉ የያዝኩት ነገር በእጅሽ ነው።

አጎትሽ ጠራዡ


ሐምሌ 12 ቀን

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ጤናዎ እንደ ጥርዝዎ የጠበቀ ይሁን። እትዬን እጅ ነስቼያለሁ ይበሉልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብቻ እኔን ትምባሆ አስመራጭ ማድረግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ስድስት ዓመት በበረኪና የታጠበ አፍንጫ የሚለየው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የታጠበና ያልታጠበ።

ቢሆንም ወረድኩ። ባለ ሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሽማግሌ ነው። እንደ ሐኪም ያናግራል። አጎትሽ ምን ይወዳሉ ሲለኝ የሚቀጣጠል ነገር ሁሉ ይወዳሉ አልኩት። የሚፈርደው የሚስታቸው አፍንጫ መሆኑን ስነግረው ግን ሳቁን አቆመና ወንበር ሳበልኝ። ታዲያ ሴትየዋ ምን ዓይነት ሽታ ይወዳሉ አለኝ።

ጋሼ፣ አፈርኩ። አራት ዓመት ልብሴን አጥበው፣ ጸጉሬን ሠርተው ያኖሩኝን ሴት ምን እንደሚወዱ አላውቅም። እርስዎ ሳያውቁ አይቀሩም፤ ይጻፉልኝ።

እስከዚያው አሥራ አንድ ቆርቆሮ አስከፍቼ የመጀመሪያውን መርጫለሁ። ቢጫ ነው፤ ፀሐይ የዋለበት ደረቅ ሣር ይሸታል፤ ትንሽ ትንሽ ዳቦም ይላል። ሽማግሌው ደጋግሞ ያስጠነቀቀኝን ልብ ብለው ያንብቡት፦ አንዷን ቁራጭ በመዳፍዎ መካከል ቀስ ብለው ያሻሿት። ስትፍታታ ሳይጠቀጥቁ ፒፓው ውስጥ ይጨምሯት። ሲያጨሱ እንደ ትኩስ ሾርባ በዝግታ ይሳቡ። ከቸኮሉ ምላስዎን ታቃጥላለች።

ስለ ራሳችሁም ጻፉልኝ። ስለ ጣሪያውና ስለ ጉልበትዎ ብቻ አይደለም የምለው።

ጢንዚዛ


ነሐሴ 20 ቀን

ለጢንዚዛ፣

ጤና ይብዛልሽ፤ ትዕግሥትም ይጨመርልሽ፤ ይህን ደብዳቤ ለመጨረስ ያስፈልግሻል።

ቆርቆሮው በሰላም ደረሰ። ስከፍተው ቁርጥራጮቹ መንገድ ላይ ተጣጥፈዋል፤ በእጄ ስነካቸው ደግሞ እርጥብ ናቸው። እርጥብ ወረቀት ምን እንደሚሆን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ይሻግታል። ስለዚህ ማንም ጠራዥ የሚያደርገውን አደረግሁ። እያንዳንዷን በመምጠጫ ወረቀት መካከል አነጠፍኩና መጭመቂያው ውስጥ ከተትኳቸው። አራት ቀን። በየጠዋቱ ብሎኑን አንድ ዙር አጠበቅሁ። በአራተኛው ቀን ሲወጡ ጢም ይላጫሉ። ዳር ዳራቸውንም በመቁረጫ አስተካከልኩላቸው።

አሻሻቸው ማለትሽን አንብቤያለሁ፤ አልዋሽሽም። ግን እጄ እምቢ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የተቆረጠ ገጽ ጫፉ እንዳይታጠፍ ስጠብቅ ኖሬ አሁን በመዳፌ ላድቅቀው? ልጠቀልላት ሞከርኩ፤ ቀጭ ብላ ተሰበረች። በመጨረሻ እንደ ዕልባት ቀጥ አድርጌ ሰካኋት።

እትዬሽ መዝገቧን ይዛ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። አሥራ አንድ ክብሪት ጨረስኩ። በአሥራ ሁለተኛው ሁሉም ባንዴ ተያያዘ። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይሉ የለ፤ ሁለታችንም አነባን። የጥርስ ሐኪሙ ቤቱ የተቃጠለ መስሎት ባልዲ ይዞ ወጣ። ፍርዱ በንባብ ተሰማ፦ ተከሳሹ ትምባሆ በቃጠሎ ላይ ያለ ካርቶን ሽታ ያሰማ በመሆኑና ምስክሩም ባልዲ ይዞ የቀረበ በመሆኑ፣ ውድቅ።

አሁን ሌላውን ልንገርሽ። ምን ዓይነት ሽታ ትወዳለች ያልሽኝን አላውቅም። አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ አላውቅም። ተደብቄ ልፈልገው ሞከርኩ፤ ሳሙናዋን አየሁ፣ ቁም ሣጥኗን ከፈትኩ፤ ምንም። ስለዚህ ምሳ ላይ ጠየቅኋት። ማንኪያዋን አስቀመጠችና ምን አጥፍተሃል አለችኝ። ምንም አላጠፋሁም፣ ልጅቷ ጠይቃኝ ነው አልኳት።

ከዚያ ማን እንዳስጀመራት እንጃ። እርጥብ ጨርቅ ላይ የሚያልፍ የካውያ ሽታ እወዳለሁ አለች። ዘቢብ። አዲስ የካርቦን ወረቀት። ከሁሉ በላይ ግን ቆዳ። አባቷ ጫማ ሰፊ እንደነበር አውቃለሁ። በልጅነቷ ስትቆጣ ቆዳው ክምር ውስጥ ገብታ እንቅልፍ ይወስዳት እንደነበር፣ አባቷም እያወቀ ሌላ ቦታ የሚፈልጋት ያስመስል እንደነበር ግን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሾርባው ቀዘቀዘ። ቀዝቃዛ ሾርባ የማትወድ ሴት ሳታስተውለው ጠጣችው።

እኔም ደስ አለኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ብቻ ደስ አለኝ።

እንግዲህ ቆዳና ዘቢብ ፈልጊልኝ። ሁለት ዕድል ቀረን።

አጎትሽ


መስከረም 28 ቀን

ለጋሼ፣

ለመልሱ መዘግየት ይቅርታዎን ይላኩልኝ፤ ሁለት ሠራተኞች ለቀውብን የእነሱንም አንሶላ የማጥፈው እኔ ነኝ።

ደብዳቤዎን ለሽማግሌው ተርጉሜ አነበብኩለት። መጭመቂያው ጋ ስደርስ ተቀመጠ። ዳር ዳሩን አስተካከሉት ስለው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። በዚህ ሥራ ሃምሳ ዓመት ስቆይ ፍሌክን መልሶ የጨመቀ ሰው አልገጠመኝም አለ። ሰላም ብሎዎታል፤ ያሳዘኑት ትምባሆውን እንጂ እርሱን እንዳልሆነ ንገሪያቸው ብሏል።

ሁለተኛው ይኸው። ጠቆር ያለ ነው። ቆዳና ዘቢብ ብዬ ስነግረው አላንገራገረም፤ በቀጥታ መሰላል አውጥቶ አወረደው። ቆርቆሮው ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል፤ አይደንግጡ። አንድ ቀን ክፍት ተደርጎ ሲውል ይለቀዋል። ሃያ ሁለት ቁራጭ ነው፤ በፊቴ ቆጥሮልኛል። መጭመቂያው አጠገብ እንዳያደርሱት። ተጨምቆ ነው የመጣው፤ ቅጣቱን ጨርሷል። እንደ ገጽ አይዩት፤ ዝም ብለው ያሹት።

የእትዬን የቆዳ ክምር ካነበብኩ በኋላ ሥራ ቦታ ቆም ብዬ ሳስብ ነበር። እኔም ከማድረቂያው ትኩስ አንሶላ ሲወጣ ማንም በማያይበት ፊቴን እቀብርበታለሁ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእትዬ ይንገሩልኝ።

ድሮ ከእናንተ የሚደርሰኝ ደብዳቤ በዓመት አንዴ፣ እሱም ግማሽ ገጽ ነበር። አሁን አራት ገጽ ይመጣል። እግዜር ይስጥልኝ።

ጢንዚዛ


ታኅሣሥ 15 ቀን

ለጢንዚዛ፣

ደህና ነሽ ወይ? ዝምታዬ የሕመም አይደለም። ችሎቱ ተራዝሞ ነው።

ያልሽውን ሁሉ አደረግሁ። ቆርቆሮውን ከፍቼ አንድ ቀን አሳደርኩት። ዓይኔን ጨፍኜ አሸሁት፤ መጽሐፍ የቀደድኩ ያህል ቀፈፈኝ፤ ግን አሸሁት። በሁለት ክብሪት ተያያዘ። ጭሱ ቀጭን ሆኖ ወጣና ጠረጴዛው ላይ ተንጠለጠለ። እትዬሽ እስክሪብቶዋን አነሳች፤ አስቀመጠች። ለማጣራት ነገ ይቅረብ አለች።

በማግስቱ ቀረበ። ዛሬ ምን ይመስልሃል ብላ እኔን ጠየቀችኝ። የእርጥብ ቀን ጫማ ይመስለኛል አልኩ። ተሳስተሃል፣ አዲስ ጫማ ነው፣ ገና ያልተደረገ፤ ብላ የመጀመሪያ ደመወዟን ተቀብላ የገዛችውን ጫማ ታሪክ አነሳችልኝ። ቁጥሩ ጠቧት ሳለ ሻጩን አፍራ ሦስት ዓመት እያነከሰች አደረገችው። ያን ጊዜ አብረን ነበርን። ስታነክስ አይቼ አላውቅም ብዬ ብነግራት፣ አንተ የምታየው ከወረቀት ጫፍ በላይ መቼ ነበር አለችኝ። አልተቆጣችም ደግሞ። እየሳቀች ነው የነገረችኝ። የአንሶላውን ነገር ስነግራት፣ አውቄባታለሁ፣ እዚህም ሳለች ያጠብኩትን ልብስ ታሸት ነበር ብላለች።

እንዲህ እያልን ዘጠኝ ቀጠሮ ሄድን። ለእያንዳንዱ ቀጠሮ አንዲት ቁራጭ። በየቀጠሮው ወንበሯ እየቀረበ መጣ። እኔም ምሳ ሳይደርስ ምን ልጠይቃት ብዬ ማሰብ ጀመርኩ።

ትናንት ግን ድንገት ተነስታ ቆመች። ፍርድ ተሰጠ፦ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ችሎቱ የቀረበለት ትምባሆ ይሁን ሰላጣ መለየት አልቻለም፤ ውድቅ። ፈርማ መዝገቡን ዘጋችና ዕቃ ልታጥብ ሄደች።

ጢንዚዛ፣ ኮምጣጤው ከለቀቀው ሁለት ወር ሆኖታል። አፍንጫዬን ቆርቆሮው ውስጥ ከትቼ ፈለግሁት፤ የለም። ምን እንደደረሰብኝ አላውቅም። አንድ ዕድል ቀረችኝ። የምትችይውን ሁሉ አድርጊ፤ ፒፓዬ ከምድጃው አፍ ላይ ቆሟል።

አጎትሽ


ጥር 19 ቀን

ለጋሼ፣

እንኳን ለዚህ አበቃዎት ልበል፤ ምክንያቱም ትምባሆው ተገኝቷል።

ሽማግሌው የእትዬን ፍርድ ሲሰማ ክብሩ ተነካ። ኮምጣጤ የለበትም ብሎ ጠረጴዛ መታ። ከዚያ ከጓዳ ገብቶ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ቆርቆሮ አመጣ። ይህን እምቢ ያለ አፍንጫ እስከ ዛሬ አልተወለደም አለኝ። ከፈተው። ጋሼ፣ የኔ የበረኪና አፍንጫ እንኳ ሸተተው። የደረቀ በለስ፣ ከሥሩ ማር፣ ከማሩ ሥር ደግሞ ልክ እርጥብ ጨርቅ ላይ እንደሚያልፍ ካውያ ያለ ነገር። ቤቴ አምጥቼ መስኮት ላይ ባስቀምጠው ከዚያ በፊት ሰላም ብላኝ የማታውቅ ጎረቤቴ በር አንኳኩታ ምን ጋግረሽ ነው አለችኝ።

በቃ፤ አሸንፈዋል። እትዬ ይህን ከጣሉ እኔ ራሴ ምድጃውን እለኩሳለሁ። ጠቅልዬ አድራሻ ጽፌበታለሁ። የመጨረሻው ዕድል ስለሆነ ብቻ ያለ እርስዎ ቃል ፖስታ ቤት መውሰድ ፈራሁ። ልላከው?

አንድ ነገር ልደብቅዎ አልፈልግም። ስጠቀልለው ከፋኝ። ይህ ነገር ሲያልቅ ደብዳቤዎ ወደ ዓመት አንዴና ወደ ግማሽ ገጽ እንዳይመለስብኝ ፈርቻለሁ። እባክዎ አይመልሱብኝ።

ጢንዚዛ


የካቲት 24 ቀን

ለጢንዚዛ፣ ለብቻሽ የሚነበብ፣

በረከት ይግባልሽ። ይህን ደብዳቤ በራሴ ሙጫ አሽጌዋለሁ። ጉልበቴ ስለማያስኬደኝ ፖስታ ቤት የምታደርሰው እትዬሽ ናት፤ የኔን ሙጫ ግን ከነወረቀቱ ካልቀደዱት ማንም አይከፍተውም።

አትላኪው።

አበደ እንዳትይኝ፤ ጨርሰሽ አንብቢ። ከፍርዱ በኋላ የቀሩትን ቁርጥራጮች ቆጠርኩ። ጠራዥ ነኝ፣ ገጽ ሳልቆጥር አላድርም። ሃያ ሁለት መጣ፣ ዘጠኝ ተጨሰ፣ አሥራ ሦስት መቅረት ነበረበት። አሥራ ሁለት ነው። ቤት ውስጥ አይጥ የለም። ቢኖርም ትምባሆ አይበላም። ገበያ ስትሄድ ጠብቄ ፈለግሁ፤ ማድረጌ ነውር ነው፣ ግን ፈለግሁ። የፍርድ መዝገቧ ውስጥ አገኘኋት። "ውድቅ" ብላ የፈረመችበት ገጽ ላይ፣ በስስ ወረቀት ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ተከፍቶ የተዘጋ ነው፤ እጥፋቱ ያስታውቃል።

ወድዳዋለች ማለት ነው። ወድዳው ነው የጣለችው። ሠላሳ ሦስት ዓመት አንድ ቃል ሳታዛባ የጻፈች ሴት በገዛ ችሎቷ ዋሸች።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ልጮህባት መዝገቡን ይዤ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ስትጠብቂ ደግሞ ታስቢያለሽ። በመጀመሪያው ቀን አሳልፋልኝ ቢሆን ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አሰብኩ። ፒፓዬን ሞልቼ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዙሬ ዝም እል ነበር። የጫማዋን ነገር አልሰማም ነበር። እሷም ይህን ታውቃለች፤ ታውቀኛለችና። መዝገቡን ቦታው መለስኩት።

ፒፓዬን እወዳለሁ። ግን ምሳ በልተን ወንበሯን ወደኔ ስትስብ ልቤ ይመታል፤ በዚህ ዕድሜዬ አፍሬ ነው የምጽፍልሽ። ያ ጥሩ ትምባሆ ከመጣ ታሳልፈዋለች፤ አፍንጫዋ አያስችላትም። ካሳለፈችው ችሎቱ ተዘጋ። ከጣለችውም ተዘጋ፣ ፒፓዬም ተቃጠለ። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። መጥፎ ትምባሆ ምረጪ፤ እንዳያሳምማት ብቻ። ለሁለታችንም የሚነበብ ሌላ ደብዳቤ ጻፊና ሱቁ ሦስት ለተጣለበት ሰው ይግባኝ ይፈቅዳል፣ ሌላ ስድስት ዓይነት ይላካል በይ። ከራስሽ የመጣ አስመስዪው። እኔም ምንም እንደማላውቅ ሰው እደነግጣለሁ።

ጥሩውን ደግሞ ለማንም እንዳትሰጪው። እረፍት ስታገኚ ራስሽ ይዘሽው ነይ። ስድስት ዓመት በቂ ነው፤ ናፍቀሽናል።

አጎትሽ


(በዚያው ወረቀት ግርጌ፣ በቀይ እስክሪብቶ)

ጢንዚዛ፣

ይህ ሙጫ የሻይ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ሲያዝ እንደ ቴምብር ይለቃል። አርባ ዓመት ሲመካበት ዝም ያልኩት ደንበኞቹ እንዳይሰሙ ብዬ ነው።

ሁሉንም አነበብኩት። ጓዳ ከፍቼ ይዤው ወጣሁ፤ ፖስታ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁለቴ አነበብኩትና ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ያቺ ቁራጭ የተሰረቀች አይደለችም፤ ኤግዚቢት ናት። መዝገቤን መበርበሩን በሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።

እሱ ያለሽን አድርጊ። ስድስት ያንሳል፣ አሥራ ሁለት በይ። ማንበቤን እንዳትነግሪው፤ እንዴት አድርጎ እንደሚደነግጥ ማየት እፈልጋለሁ።

እትዬሽ